ቡሬ ብቻውን ቤት ገባ

የሰባ ሰባት ክረምት የፎገራን ሜዳ እንዳለ ዋጠው። ርብ ከዳርቻው ገንፍሎ ከጣና ጋር ተገናኘና የትኛው ወንዝ፣ የትኛው ሐይቅ፣ የትኛው የሰው ማሳ እንደሆነ መለየት ቀረ። የቁሐር ሚካኤል ሰው ከብቱን እየነዳ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ከፍታው ወጣ። በዚያ ጭጋጋም ማለዳ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ውሃው የሄደው አንድ ሰው ብቻ ነው። አድማሴ ይባላል። ቡሬ የሚለውን በሬውን አስቀድሞ፣ ገሣ የደረበች እኅቱን አስከትሎ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ ይገሰግሳል።

«ፍጠኚ እንጂ ገላዬ! ጭጋጉ ሳይገለጥ ሜዳውን እንጨርስ።»

«መጣሁ አያ፣ ጭቃው እግሬን ይዞብኝ ነው።»

ገላነሽ ወረታ ላይ አስተማሪ ነበረች። ባሏ ጫካ ገባ ተባለ፤ ወሬው በተሰማ በሳምንቱ የታጠቁ ሰዎች መጥተው እሷን ወሰዷት። ያለበትን ተናገሪ ነው ነገሩ። አታውቅም ነበር። ከጥቅምት እስከ ሰኔ አንድ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ከርማ ወጣች፤ የወጣችውም አድማሴ ዋስ ሆኖ፣ «ብትጠፋ እኔን እሰሩኝ» ብሎ ነው። ስትመለስ ክንዶቿ አልታዘዝ ብለዋት ነበር። ወደ ኋላ ታስረው የከረሙ ክንዶች፣ እንስራ ቀርቶ ጭልፋ ማንሣት አቃታቸው። አድማሴ አየ፣ ግን አንድ ቀን እንኳ «ምን አደረጉሽ?» ብሎ አልጠየቃትም። በእነሱ ቤት ገመና አይወጣም። አባታቸው እንኳ ሲያጣጥሩ ጠያቂ በመጣ ቁጥር «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እያሉ ነው የሞቱት።

በዋዜማው ቄስ ኃይለ ሚካኤል ከፍልሰታ ቅዳሴ ወጥተው በጓሮ በኩል መጥተው ነበር።

«ልጄ አድማሴ፣ እኅትህን ዳግመኛ ሊወስዷት ነው። ከሚያውቅ ሰው ነው የሰማሁት።»

«መቼ ነው አባ?»

«ዛሬ ነገ ነው። አሁን ከገባች አትወጣም። ሱዳን የተሻገሩ ልጆች አሉ፤ እዚያ የዓለም መንግሥታት ያቆሙት ድርጅት ስደተኛን ይቀበላል ይላሉ። አሻግራት ልጄ፣ እግዜር ይከተላችሁ።»

አድማሴ አሰበና ዕቅድ አወጣ፤ ዕቅድ ከተባለ! ገላነሽን ሐይቁ ዳር ያደርሳል፣ ከጣና ማዶ ወዳለችው ደልጊ በምትሻገር ታንኳ ላይ ያስቀምጣታል፣ እሱ ማታውን ቤቱ ገብቶ ከሚስቱ ከእናኑ ጋር እራቱን ይበላል። ጠያቂ ሲመጣ «ወረታ ሄዳ ቀረች» ይላል። ኧረ ወዲያ! ዋሱ እሱ፣ ወንድሟ እሱ፣ ማን ሊያምነው ነው? ግን የጨነቀው ሰው ብዙ አያሰላም። ለእናኑም «በሬ ላሻግር ነው» ብቻ ብሏት ወጣ።

ሜዳው ጫፍ ላይ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ ያጋደመ ሰው ከጭጋጉ ብቅ አለ። አያልነህ ነው፣ የቀበሌያቸው ታጣቂ። ገላነሽ ፊቷን ገሣው ውስጥ ቀበረች።

«አድማሴ! ሰው ከውሃ ይሸሻል፣ አንተ በሬ ይዘህ ወደ ውሃ?»

«ጊደር ቀርታብኝ ነው። ርብ ማዶ ጉብታ ላይ ውሃ ከቧት ስትጮህ አደረች። ቡሬን አይታ ትከተል ብዬ።»

«ይቺስ?»

«እናኑ ናት። ጊደሯ የሷን ድምፅ ካልሰማች ንቅንቅ አትልም።»

አያልነህ ሳቀ። «ያንተ ቤት ከብት እንኳ እንዳንተ ግትር ነው! በል ቶሎ ተመለስ፣ ላይ አገር ዘንቧል፣ ርብ ገና ይጨምራል።»

ርብ ጨምሮ ጠበቃቸው። ደረቱን የነፋ ቀይ ውሃ ዛፉን ከነሥሩ እያንከባለለ ይወርዳል። የፎገራ ሰው እንዲህ ያለውን ውሃ የሚሻገረው የበሬ ጅራት ይዞ ነው፤ በሬው ይዋኛል፣ ሰውየው ይንሳፈፋል። ጅራት ለመያዝ ግን ክንድ ያስፈልጋል። አድማሴ ከእኅቱ ነጠላ ጥለቱን ቀደደና አንድ እጇን ከቡሬ ጅራት ጋር አጥብቆ ቋጠረው።

«እሱ ከሰጠመ አብሬው ልሰጥም ነው?»

«ቡሬ አይሰጥምም። አንቺ አፍሽን ዝጊና እግርሽን አወራጪ።»

«አያ፣ ምናልባት ብሞት...»

«ሟርትሽን ተዪ! ሂድ ቡሬ! ሃይ!»

ቡሬ ዘሎ ገባ። አድማሴ በላይኛው በኩል ቀንዱን ይዞ ይዋኛል፤ ውሃው ጎኑን ይደቃዋል፣ ዓይኑን ይሞላዋል። መሐል ሲደርሱ አንድ ግንድ ተወርውሮ መጣና የበሬውን ጭን መታው። ቡሬ ተዘነበለ። ገላነሽ ጠፋች። አድማሴ ቀንዱን ለቆ ጠለቀ፤ ጭቃ ውሃ ውስጥ በዳሰሳ ፀጉሯን አገኘ፣ ጎትቶ አወጣት። ሳል፣ ውሃ፣ ደግሞ ሳል። ቡሬ አፍንጫውን ወደ ሰማይ ሰቅሎ እያጓራ ሁለቱንም ማዶ ጎተታቸው።

ቋጠሮው ረጥቦ ጠብቆ ነበርና አልፈታ አለ። አድማሴ በቢላዋ ቆረጠው፤ ግማሹ እጇ ላይ፣ ግማሹ የቡሬ ጅራት ላይ ቀረ። እሱ ልብ አላለውም።

ናበጋ በሚባለው የጣና ዳርቻ የደንገል ታንኳውን የሚጠጋግን አንድ ሽማግሌ አገኙ። ሽማግሌው የገላነሽን መዛል፣ የሰማዩን መጥቆር አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

«ሴቲቱን ብቻዋን አልጭንም። ማዕበል ቢነሣ ሁለተኛውን መቅዘፊያ ማን ይይዝልኛል?»

አድማሴ ወደ ኋላው አየ። ከዚያ ውሃ ወዲያ ቤቱ አለ፣ እናኑ አለች። ወደ ፊቱ ሲያይ ገላነሽ ክንዶቿን እንደ ሰው ዕቃ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ትንቀጠቀጣለች።

«እስከ ደልጊ ብቻ» አለ። «ነገ በተመላሽ ታንኳ እገባለሁ።»

የቡሬን ቂጥ መታ አደረገው። ቡሬ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቤቱን የሚረሳ በሬ አይደለም፤ ቢለቁት ራሱ ይገባል። «ግባ በል! እናኑ ትጠብቅሃለች» አለው። በሬው አንዴ ዞሮ አየውና ወደ ውሃው ወረደ።

ከሰዓት በኋላ ጣና ተነሣባቸው። ነፋሱ ውሃውን እያነሣ ፊታቸው ላይ ይደፋዋል፣ ደንገሉ ይጮሃል፣ አድማሴ መዳፉ እስኪላጥ ይቀዝፋል። ነፋሱ ሲበርድ ደግሞ ሌላ ጉድ ፈላ። ከታንኳዋ ጎን ውሃው አረፋ ደፈቀና ሁለት ትናንሽ ጆሮዎች ብቅ አሉ።

«ጉማሬ ነው» አለ ሽማግሌው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «መቅዘፊያህን አውጣ። ትንፍሽ እንዳትል።»

ጆሮዎቹ ጠፉ። ዝም አለ ሐይቁ። ከዚያ የታንኳዋ ጭራ ወደ ሰማይ ተነሣ፤ ጉማሬው አፉን በርግዶ ደንገሉን በጥርሱ ዘነጠለው። ገላነሽ ወደ አፉ ተንሸራተተች። አድማሴ በእግሩ ጠርቅሞ ያዛት፣ በሁለት እጁ መቅዘፊያውን እጉሮሮው ድረስ ሰደደለት። አውሬው ተናንቆ፣ መቅዘፊያውን ሰባብሮ ተፋና ጠለቀ። በቀረችው ግማሽ ታንኳ፣ እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ተቀምጠው ደልጊ ገቡ።

ነፋሱ ግን በማግሥቱም፣ በሌላውም ቀን አልተኛም። አድማሴ በሽማግሌው ዘመዶች ቤት ተመላሽ ታንኳ ሲጠብቅ ሰነበተ። ሐይቁ ሲረጋ ሽማግሌው በሌላ ታንኳ ናበጋ ደርሶ መጣና፣ አድማሴን ለብቻው ጠርቶ ግንድ ላይ አስቀመጠው።

«አንተ ልጅ፣ በሬህ ጅራቱ ላይ ምን አስረህ ሰደድከው?»

«ምንም።»

«የነጠላ ጥለት አስረሃል። በሬህ በማግሥቱ ብቻውን፣ ያን ጨርቅ እየጎተተ ቤት ገባ። በናንተ አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቀው የለ?»

አድማሴ ቆሌው ተገፈፈ። እንዴት አያውቅ! ከሙላት ብቻውን የተመለሰ በሬ፣ ጅራቱ ላይ የሰው ቋጠሮ ያለበት፣ ባለቤቱን ውሃ ወስዶታል ማለት ነው። የፎገራ ሰው ይህን ሲያይ ጥያቄ የለውም፤ ማልቀስ ይጀምራል።

«ጥለቱ የእኅትህ መሆኑን ጎረቤት ለየው። ሁለቱም ሰጠሙ ተባለ። መንገድ ላይ ያገኛችሁ ታጣቂም አብራህ የነበረችው እሷ መሆኗ ያኔ ገባው፤ ሊፈትሹ መጥተው፣ ለቅሶውን አይተው ተመለሱ። ቄሱ ሬሳ ባይገኝም ፍትሐት ፈቱ። ሚስትህ ፀጉሯን ተላጭታለች።»

«ኧረ በእግዚአብሔር!» አድማሴ ብድግ አለ። «አሁኑኑ ልመለስ! እናኑን እንዲህ አድርጌ...»

ገላነሽ ከጎጆው በር ላይ ቆማ ሰምታ ነበር። «ብትመለስ የት ነበርክ ይሉሃል አያ። አንተ ከተገኘህ እኔም አለሁ ማለት ነው። አንተን ያስሩሃል፣ እናኑን ያስሯታል፣ ቁመህ ሳለህ ፍትሐት የፈቱትን አባንም አይምሯቸውም።»

አድማሴ ተቀመጠ። ቄስ ኃይለ ሚካኤል ስለሚያውቁት ነገር አሰበ። በሕይወት እንዳለ እየጠረጠሩ በላዩ ላይ ያን ጸሎት ሲያነቡ፣ ስሙን ዝቅ አድርገው ጠርተውት ይሆን? ለማንኛውም አድማሴ ለአገሩ ሞቷል። ያን ቀን እህል አልቀመሰም።

ወደ ቆላው የሚወርድ ማረው የሚባል የጨው ነጋዴ «እስከ ድንበር ልምራችሁ» አላቸው። ያለ ምንም ዋጋ። ይኸ ራሱ ሊያስጠረጥራቸው ይገባ ነበር፣ ግን ሐዘን ያደነዘዘው ሰው ምኑን ይጠረጥራል? ደጋው ከኋላቸው ቀረ፤ ሣሩ ከሰው ቁመት በለጠ፣ ሙቀቱ እንደ እርጥብ ጋቢ ከላያቸው ላይ አልወርድ አለ። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ሣሩ ተከፈለና አንበሳ የማረውን አህያ ከነጨዋ ገንጥሎ ጣላት። «እንዳትሮጡ!» አለ ማረው ከንፈሩ ደርቆ። አልሮጡም። አጥንት ሲሰበር እየሰሙ፣ ወደ ኋላ እየተራመዱ ከዚያ ወጡ።

ከዚያ በኋላ ትንኟ አድማሴን ጣለችው። ንዳድ ያዘው። ጥርሱ ይንቀጫቀጫል፣ ገላው ይነዳል፣ «ቡሬን አስገቡት» እያለ ይቃዣል። አሁን ገላነሽ ናት የምትደግፈው፤ በክንዷ አይደለም፣ በትከሻዋ። በጥቂቱ ስትጎትተው፣ በጥቂቱ ስትሰድበው፣ «ተነሣ! በሬ እንኳ እንዳንተ አያለግምም!» እያለች ድንበሩ ላይ ካለው ጓንግ ወንዝ አጠገብ አደረሰችው።

እዚያ ማረው ሁለት ጠመንጃ የያዙ ሰዎች አገኘ። ወደ ጎን ወስዶ ሲያወራቸው ገላነሽ ከቁጥቋጦ ጀርባ ጎንበስ ብላ ውሃ ስትጠጣ ሰማችው።

«ሰውየውን ንዳድ ጨርሶታል፣ እዚሁ ተዉት። ሴቲቱን ግን ሰሊጥ እርሻው ውሰዷት። ጠያቂ የላትም፣ አገሯ ሞተች ብሎ አልቅሷል።»

ደልጊ ላይ ያዘነላቸው መስሎ የጠየቃቸው ሁሉ ለዚህ ኖሯል። ገላነሽ ውሃውን ትታ ተነሣች። ወንድሟን ብብቱ ውስጥ ገብታ አነሣችው።

«አያ፣ ማረው ሊሸጠኝ ነው። ወደ ወንዙ!»

«ጓንግ ሞልቷል... በሬ የለንም...»

«እኔ አለሁ!»

ዳር ላይ የተጋደመ ደረቅ ግንድ ገፍተው ገቡ። አድማሴ ቅርንጫፉን አቀፈ። ገላነሽ ክንዶቿን በቅርንጫፎቹ መሐል ሰክታ፣ ውሃውን ሳትጋፋ፣ ልጅ ሳለች ርብ ላይ እንደተማረችው አግድም እየተወሰደች በእግሯ ቀዘፈች። ከኋላቸው ተተኮሰ። ጥይቱ ውሃውን ፈነጠቀው፣ ሁለተኛው ግንዱ ውስጥ ገባ። ማዕበሉ ወዲያ ወዲህ አላጋቸውና ከማዶ አሸዋ ላይ ደፋቸው። አድማሴ አሸዋውን ተፋ።

«ቡሬ ሆንሽልኝ» አላት።

የሱዳን ጠረፍ ወታደሮች አግኝተዋቸው በእሾህ አጥር ወደታጠረ ግቢ ወሰዷቸው። ከእነሱ በፊት የደረሰ ብዙ ሰው አለ፤ ሁሉም ያስላል፣ ሁሉም ተራውን ይጠብቃል። ከዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት የመጣች ፀጉሯ የሸበተ ፈረንጅ ሴት ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጣ አንድ በአንድ ትጠይቃለች። የምታስተረጉምላት ደብረወርቅ የምትባል የደብረ ታቦር ልጅ ናት።

«እንዴት ናችሁ?» አለች ደብረወርቅ ተራቸው ሲደርስ። «አገራችሁ ሳላችሁ ክፉ የደረሰባችሁ ነገር አለ?»

አድማሴ ንዳዱ ገና አልለቀቀውም፤ ቢሆንም የተቀደደ ጋቢውን አስተካክሎ ቆመ። እሱ ታላቅ ነው፣ ለሁለቱም መናገር የእሱ ነው። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን። ቤትም፣ ከብትም አለን። ክፉ አልነካንም፣ ምስጋና ይግባው።»

ገላነሽ መሬት መሬቱን አየች። ደብረወርቅ ቃሉን እንዳለ ተረጎመችው። ሁለቱንም ወደ ግራ፣ ሥራ ፍለጋ መጡ ከተባሉት ጋር አስቀመጧቸው። ማለዳ መኪና ይመጣና እነዚያን ወደ መተማ ይመልሳል።

ደብረወርቅ ወዲያው ውሃ ይዛ መጣች።

«ምን ነካዎት ወንድሜ? እዚህ ደኅና ነኝ ያለ ሰው ይመለሳል እኮ!»

«ታዲያ ለማላውቀው ሰው የቤቴን ገመና ላውጣ?»

«ያውጡ! አገሮች ተሰብስበው የተስማሙበት ሕግ አለ፣ ሱዳንም ገብታበታለች። ነፍሱን ሊያድን የሸሸን ሰው ወደ ሸሸበት በግድ መመለስ ክልክል ነው። ወታደሮቹም ያውቁታል። ግን ምን እንደሸሹ ካልነገሯት በምን ይዛ ትከራከርልዎ?» በእጇ የመኪናውን መንገድ አመለከተች። «ባሌም እንዳንተ ነበር። "ደኅና ነኝ" ብሎ መኪናው ላይ ወጣ። ይኸው ወሬውን እንኳ አላገኘሁም።»

አንተ ማለቷን እሷም አላስተዋለችው፣ እሱም አልተቀየማትም። ወደ እኅቱ ዞረ።

«ገላዬ፣ ንገሪያት።»

«አንተ ፊት አልችልም አያ።»

ያን ጊዜ ገባው። የክንዷን ያውቃል፤ ከክንዷ የባሰ እንዳለ ግን ዛሬ ነው የገባው። እስከ ዛሬ ገመናዋን የሸፈነላት መስሎት ነበር፤ ለካ አፏን ነው የያዘባት። ደብረወርቅ እኅቱን ፈረንጇ ፊት ስታስቀምጥ፣ እሱ ተነሥቶ ሄደና እሾህ አጥሩ ጥግ፣ ፀሐዩ ላይ፣ ቃል በማይሰማበት ርቀት ተቀመጠ። ቃል አይሰማም፣ ድምፅ ግን ይሰማል። የእኅቱ ድምፅ ሳይቆራረጥ ይወርዳል። የደብረወርቅ ይከተላል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይጀምራል። አንድ ጊዜ ደብረወርቅ መተርጎሙን ተወች፤ የገላነሽ ብቻ ቀጠለ። አድማሴ ራሱን በጋቢው ሸፍኖ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።

ከዚያ ጠሩት።

«እርስዎስ?» አለች ደብረወርቅ፣ ዓይኖቿ ደም መስለዋል። «ቢመለሱ ምን ያገኝዎታል?»

«እኔማ ሞቻለሁ እቴ። ፍትሐት ተፈትቶልኛል።» ሳቅ የሚመስል ነገር አመለጠው። ከዚያ ተናገረ። ዋስነቱን፣ ቡሬን፣ ጥለቱን፣ የእናኑን ፀጉር፣ አንድም ሳያስቀር። ፈረንጇ ሰማችው፣ ከወንበሯ ተነሥታ ወታደሮቹ ዘንድ ሄደች፣ በዐረብኛ ብዙ ተጨቃጨቀች። ስትመለስ ወደ ቀኝ አመለከተች።

«ትቀራላችሁ» አለች ደብረወርቅ። «ማንም አይመልሳችሁም።» ከዚያ ጨመረች፦ «ፈረንጇ አንድ ነገር ጠይቂልኝ ብላኛለች። ለቤተሰብ በምሥጢር መልእክት የሚያደርሱ ሰዎች አሉ። በሕይወት መኖርዎ ለሚስትዎ ይነገር ወይ?»

አድማሴ አፉን ከፈተ። እናኑን አሰባት፤ የተላጨ ራሷን፣ ማታ ማታ ቡሬን ስታስገባ ወደ ውሃው ስታይ። አዎ ሊል ነበር። አያልነህ ጠመንጃውን አጋድሞ ደጇ ላይ ሲስቅም ታየው።

«አይነገራት» አለ። «እናኑ መዋሸት አትችልበትም። የምር ካላለቀሰች ፊቷን አይቶ ማንም ያውቅባታል። ለቅሶዋ ነው ቤቱን የሚጠብቅላት።»

የባሏን ወሬ ያጣችው ደብረወርቅ ይህን ለፈረንጇ አልተረጎመችላትም። ዞር ብላ ሄደች።

ፀሐይዋ ዘቀዘቀች፤ ከብት የሚገባበት ሰዓት። ገላነሽ መጥታ ከጎኑ ተቀመጠች፤ ያልታዘዘ ክንዷን እንደምንም አንሥታ ትከሻው ላይ አደረገችው።

«ደኅና ነህ አያ?»

«አይደለሁም» አላት።